የፍራፍሬ ሳልሳዬ ጁስ ሆነብኝ፣ ቺፕሱም ልፍስፍስ አለ፤ ምን አጥፍቼ ነው?

የጀሞዋ

ሰላም ለሁላችሁ። ባለፈው ሳምንት ጉድ የሠራኝን ነገር ልንገራችሁና ፍረዱኝ።

አሜሪካ ያለችው እህቴ አምና ስትመጣ አንድ ነገር ሠርታ አብልታን ነበር። ፍራፍሬውን ደቀቅ አድርጋ ትከትፋለች፣ ሎሚ ትጨምቅበታለች፣ ከዚያ ስኳርና ቀረፋ በተነሰነሰበት ስስ ቺፕስ እየዛቁ መብላት ነው። የፍራፍሬ ሳልሳ ነው የምትለው። ልጆቼ የመጨረሻዋ ፍርፋሪ ላይ ሊደባደቡ ነበር። ስለዚህ ለትልቁ ልደት ራሴው ልሥራው ብዬ ተነሳሁ።

መጀመሪያ ስሙ ራሱ ጣጣ አመጣ። አማቴን «ለልደቱ ሳልሳ እሠራለሁ» ስላቸው ሁለት ቆርቆሮ የቲማቲም ሳልሳ ገዝተው መጡ። ምን ያድርጉ፣ እኛ ሀገር ሳልሳ ሲባል ሌላ ምን አለ?

ወደ ጉዳዩ ልግባ። ማንጎ፣ ፓፓያ፣ አፕል፣ ሙዝና ትንሽ እንጆሪ ገዛሁ። ጠዋት እንዳልዋከብ ብዬ ማታውኑ ከተፍኩት፣ ሦስት የሾርባ ማንኪያ ስኳር ነሰነስኩበት፣ ሎሚ ጨመቅኩበትና ፍሪጅ ውስጥ ከተትኩት። ጠዋት ስከፍተው ጎድጓዳ ሳህኑ እስከ ግማሹ ውሃ ሆኗል። ሙዙ ጠቁሯል። ፓፓያው ሟሙቶ ሌላውን ሁሉ ለቅልቆታል። በብርጭቆ ቢቀርብ ማንም አይጠረጥርም ነበር።

ቺፕሱ ደግሞ ይብሳል። ቶርቲያ የሚባለውን ቂጣ አንድ ሱፐርማርኬት አገኘሁት፣ ዋጋውን አየሁና በቦታው መለስኩት። ከዚያ ዱቄት በውሃና በዘይት አቡክቼ፣ ዳምጬ፣ በሦስት ማዕዘን ቆረጥኩት። ስኳርና ቀረፋውን ሊጡ ላይ ነስንሼ የፈላ ዘይት ውስጥ ጨመርኩት። ስኳሩ ዘይቱ ውስጥ ረገፈና አረረ፣ ቤቱ በጭስ ታፈነ፣ ዘይቱም የተቆላ ቡና መሰለ። የተረፈችውን ገና ትኩስ እያለች ክዳን ያለው ዕቃ ውስጥ ከደንኳት። እንግዳ ሲመጣ እንደ ትናንት ቂጣ ልፍስፍስ ብላ ጠበቀችኝ።

የፊታችን ቅዳሜ እህቶቼና ጎረቤቶቼ ይመጣሉ፣ አስራ አምስት ሰው ገደማ። ግማሾቹ ጿሚ ናቸው። እንደገና ካልሞከርኩት እንቅልፍ አይወስደኝም። ውሃውን እንዴት ነው የማስቀረው? ቺፕሱስ ኮርሸም እንዳለ እንዲቆይ ምን ላድርግ? ኦቭን አለኝ፤ መብራቱ ግን ያው እንደምታውቁት ነው።

የአሌክሳንድሪያው

እህቴ አይዞሽ። እኔ እዚህ ቨርጂኒያ ሆቴል ውስጥ የቁርስ ኩሽና ነው የምሠራው፣ ፍራፍሬ መክተፍ እንጀራዬ ነው። ከሁሉ በላይ ያበላሸብሽ ስኳሩን ማታ መጨመርሽ ነው። ስኳር የተቆረጠ ፍሬ ላይ ሲያርፍ ከውስጡ ውሃ ይስባል። የቲማቲም በቃሪያ ሰላጣ ሠርተሽ ጨዉን ቀድመሽ ከጨመርሽ ሳህኑ ሥር ውሃ ይጠራቀም የለ? ያው ነው።

ማታ መክተፍ ከፈለግሽ ክተፊ፣ ግን ያለ ስኳርና እያንዳንዱን ለየብቻው። ጠዋት ማጥለያ ላይ አድርጊውና ሃያ ደቂቃ ያህል ይንጠፍጠፍ። መቀላቀሉን ለመጨረሻ ተይው። ስኳሩን ደግሞ ካስፈለገ ነው፤ ጥሩ የበሰለ ማንጎ ካለሽ ባይገባበትም ይሻላል። እዚህ ብዙ ሰው በስኳር ፋንታ ሁለት ማንኪያ ማርማላታ ነው የሚያደርግበት። ማርማላታ ወፍራም ስለሆነ ቁርጥራጩን ያያይዘዋል፣ ቺፕሱ ላይም አይንጠባጠብም። እኔ የብርቱካኑን እወደዋለሁ።

የፍሬ ምርጫሽ ላይ ግን እንጣላለን። ሙዝ አውጪ። የሰላሳ ደቂቃ ዕድሜ ነው ያለው፣ ከዚያ ይጠቁራል፣ ይላቁጣል። ፓፓያ ካልቀረ ገና ጠንከር ያለውን ምረጪ፤ ለጁስ የምትገዢው ፓፓያ እዚህ አይገባም። ማንጎውም እንዲሁ ነው፤ ስትጫኝው ትንሽ እሺ የሚል፣ ግን አውራ ጣትሽ የማይሰምጥበት ይሁን። ክር የሚበዛበት ትንሹ ማንጎ ጣዕሙ ቢያስለቅስም ለዚህ አይሆንም፤ ሲከተፍ ይጎተታል፣ ጥርስ መሃል ይገባል። ትልቁን፣ ሥጋ የሚበዛውን ፈልጊ። አናናስ ጨምሪበት። አፕል ግዴታ ነው፣ ከመሃላቸው ኮርሸም የሚለው እሱ ብቻ ነውና። የጨንቻ አፕል ገበያ ላይ ካለ ከውጭ የሚመጣውን ተይው።

አፕል የሚጠቁረው ሲቆረጥ አየር ስለሚያገኘው ነው። ሎሚ ይሄን ያዘገየዋል። ስለዚህ ሎሚውን መጀመሪያ ሳህኑ ውስጥ ጭመቂና አፕሉን እየከተፍሽ እዚያው ጣይው። ከተፍሽ ጨርሰሽ ሎሚ ፍለጋ ከተነሳሽ ረፍዷል።

መጠኑ የሽንብራ ፍሬ ያህል ይሁን። ከዚያ ከተለቀ ቺፕሱ ላይ አይቀመጥም፣ ተንከባሎ የሰው ቀሚስ ላይ ነው የሚያርፈው። ከዚያ ካነሰ ደግሞ ጁስ ነው። ቢላሽንም ሳይው፤ ደነዝ ቢላ እንጆሪን ይጨፈልቀዋል እንጂ አይቆርጠውም፣ የተጨፈለቀ ፍሬ ደግሞ ውሃውን ይለቃል።

ለአስራ አምስት ሰው አራት አፕል፣ ሦስት ትልልቅ ማንጎ፣ አንድ ትንሽ አናናስ፣ ግማሽ ኪሎ እንጆሪና ሁለት ሎሚ ይበቃሻል። ናና ካለሽ ቅጠሏን ቀጨም አድርገሽ በደቃቁ ክተፊበት።

ዝም_ያልኩ_ሰው

ይቅርታ፣ ይሄ ነገር ካፌ ውስጥ ፍሩት ፓንች እያሉ ከሚሸጡልን በምን ይለያል? 😀

የአሌክሳንድሪያው

በማንኪያው። ፍሩት ፓንች በማንኪያ ትበላለህ፣ ስለዚህ ቁራጩ ቢተልቅም ውሃው ቢበዛም ግድ የለም። ይሄኛው ማንኪያው ቺፕሱ ነው። ማንኪያህ እየራሰ ሲቆረጥብህ አስበው። ሳልሳ ማለት እኮ በስፓኒሽም በጣሊያንኛም ስጎ ማለት ነው፤ እኛ ከጣሊያን ስንወስደው የቲማቲሙን ብቻ ይዘን ቀረን። የእህታችን አማት አልተሳሳቱም።

የድሬዋ

ቺፕሱን ለኔ ተዉልኝ።

እህት፣ አዲስ ነገር መፈልሰፍ አይጠበቅብሽም። ረመዳን ላይ ሳምቡሳ የምንጠቀልልበት ስስ ሊጥ አለ አይደል? እሱ ነው። ቶርቲያ ብለሽ የከፈልሽበትም (ያልከፈልሽበትም 😀) ያው የስንዴ ቂጣ ነው።

ሁለት ብርጭቆ የፉርኖ ዱቄት፣ ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው፣ ሦስት የሾርባ ማንኪያ ዘይት። ለብ ያለ ውሃ ጠብ እያደረግሽ አቡኪ፤ እጅ ላይ የማይጣበቅ፣ እንደ ጆሮ ለምለም የሚል ሊጥ ይውጣሽ። ከዚያ ከድነሽ ግማሽ ሰዓት አሳርፊው። ይቺን ግማሽ ሰዓት የሚዘላት ብዙ ነው። ያላረፈ ሊጥ ስትዳምጪው ይሸበሸባል፣ ተመልሶ ይሰበሰብብሻል፤ አንቺ ደግሞ እልህ ትያዥና ወፍራም አድርገሽ ትተይዋለሽ። ወፍራም ከሆነ ቺፕስ አይሆንም፣ አለቀ።

አሁን ዘዴው። ብርቱካን ከሚያህል ያነሱ ሁለት ድቡልቡሎች ወስደሽ በትንሹ ዳምጫቸው። የአንዱን ፊት ዘይት ቀቢው፣ ዱቄት ነስንሺበት፣ ሌላውን ከላዩ ደርቢበት። አሁን ሁለቱን አንድ ላይ እስኪሳሱ ዳምጪ። ያለ ዘይት የጋለ መጥበሻ ላይ ጣል አድርጊ፣ ነጭ ነጥብ ሲያወጣ ገልብጪ። እንዳይበስል፣ እንዲደርቅ ብቻ ነው። አውጥተሽ ገና ትኩስ ሳለ ከጠርዙ ስትይዢው ሁለት ቦታ ይላቀቃል። ዘይቱ ነው እንዳይጣበቁ ያደረጋቸው። ብርሃን የሚያሳልፍ ስስ ሊጥ ይወጣሻል። በመቀስ ስምንት ቦታ ቁረጪው፤ በቢላ አትታገይ።

ስኳሩ ላይ ያጠፋሽው ቅደም ተከተሉን ነው። ኦቭን ከሆነ ስኳርና ቀረፋ ቀድሞ ይነሰነሳል፣ ጥብስ ከሆነ ዘይት ውስጥ ከወጣ በኋላ። በኦቭን ከሆነ ሁለቱንም ፊት በዘይት እርጥብ አድርጊ፣ ነስንሺ፣ 180 ዲግሪ ላይ ከ8 እስከ 10 ደቂቃ። ከ7ኛው ደቂቃ በኋላ ከኦቭኑ ፊት ንቅንቅ እንዳትዪ፣ ስኳር ሲያር አያስጠነቅቅም። በመጥበሻ ከሆነ መጀመሪያ አንድ ቁራጭ ጣዪና እይ፤ ወዲያው ተንሳፍፎ ዙሪያውን ከተንጫጫ ዘይቱ ደርሷል። ወርቅማ ሲሆን አውጪ፣ ዘይቱ ጠብ ጠብ ይበል፣ ገና ትኩስ ሳለ ስኳሩ ውስጥ አሽሞንሙኚው።

ለአራት የሾርባ ማንኪያ ስኳር አንድ የሻይ ማንኪያ ሞልቶ ቀረፋ። የኛ ስኳር ፍሬው ትልቅ ስለሆነ ቺፕሱ ላይ አይዝም፣ ይራገፋል። ሙቀጫ ላይ ሁለት ሦስቴ መታ መታ አድርጊው፤ ዱቄት ግን አታድርጊው፣ ዱቄት ከሆነ ይቀልጣል።

ልፍስፍስ ያደረገብሽ ደግሞ እንፋሎቱ ነው። ትኩስ ነገር ስትከድኚ ላቡ ተመልሶ እላዩ ላይ ነው የሚወርደው። ወንፊት ላይ ዘርጊው፣ እንዳይነባበር። ጀርባውን ስትነኪው ምንም ሙቀት ከሌለው ያኔ ቆርቆሮ ውስጥ ክተቺ። ሁለት ሦስት ቀን ምንም አይሆንም። ስለዚህ ዓርብ ሠርተሽ ጨርሺው፣ ቅዳሜ መብራት ቢሄድም ግድ የለሽም።

በነገራችን ላይ እኛ ልጅ ሆነን ጥሬ ማንጎ በጨውና በሚጥሚጣ ነበር ድግሳችን። ከሳልሳሽ ትንሽ ለይተሽ ቃሪያ ክተፊበት፣ ሎሚ ጨምሪ፣ ሚጥሚጣ በጣት ጫፍ። ስኳር ያለው ቺፕስ ላይ እብድ ነገር ነው። ለልጆቹ ግን አይደለም።

ድርቆሽ_ወዳጅ

ይሄን ሁሉ ከምትለፉ ድርቆሽ ላይ ስኳር መነስነስ ነው። ሀገራዊ ቺፕስ።

የጀሞዋ

ቀረፋና ስኳር በድርቆሽ!? ወንድሜ ቤትህ ሰው ይመጣል? 😂

የአሌክሳንድሪያው

አትሳቁበት፣ እኔ ሞክሬዋለሁ። በቀረፋና ስኳር አይሆንም፣ የእርሾው ኮምጣጣነት ቀረፋውን ይጣላዋል፤ ልጆቼ አንድ ቀምሰው ሸሹኝ። ግን ማንጎ፣ ቀይ ሽንኩርት፣ ቃሪያና ሎሚ ከትፌ ዘይት ነካ አድርጌ ኦቭን ውስጥ ባደረቅኩት ድርቆሽ ስበላው፣ እመኑኝ፣ ሁለተኛ ሳህን ነው የደገምኩት። አብረውኝ የሚሠሩት ሜክሲኮዎች ማንጎ በጨው፣ በሎሚና በበርበሬ መንገድ ላይ ይሸጣል ይሉኛል። የድሬዋ ሰፈር ነው የሚመስለው።

እናት_ከኮምቦልቻ

ልጄ፣ እኔ ይሄን ሳልሳ አላውቀውም፣ ቂጣና ቅቤ ግን አውቃለሁ። ጾሙ ሲፈታ በዘይት ፋንታ ቅቤ ልቀባ ማለትሽ አይቀርም። ለጋውን ቅቤ አቅልጠሽ ቀቢ። ቅመም የገባበትን እንዳትነኪ፤ ኮሰረትና ነጭ ሽንኩርት ከማንጎ ጋር ምን አገናኛቸው። ለጿሚዎቹ ደግሞ ዘይቱ አዲስ ይሁን፣ ዓሣ ወይ ሥጋ የተጠበሰበት እንዳይሆን፤ ሰው በእምነት ነው ከእጅሽ የሚበላው።

ቀረፋውን ራስሽ ውቀጪ። ተፈጭቶ ከርሞ የሚሸጠው ቀለም እንጂ ሽታ የለውም። አንዲት ፍሬ ኮረሪማ ፈልፍለሽ አብረሽ ብትወቅጪበት ደግሞ ቤቱን ሁሉ ያውደዋል። አንዲት ብቻ። ከበዛ ወጥ ወጥ ይላል።

የጀሞዋ

እማማ እግዜር ይስጥልኝ፣ ኮረሪማውን ወደድኩት። ዕድሜና ጤና ይስጥዎት።

የዱባይዋ

እኔ ደግሞ ለማዳሜ ልጆች በየሳምንቱ ነው የምሠራው። እዚህ ቶርቲያው በየሱቁ ስላለ ቆርጬ ዘይት ቀብቼ ኦቭን ነው። ዝግጁውን ለምትገዙ፣ በተለይ አሜሪካና አውሮፓ ያላችሁ፣ ጀርባውን አንብቡ፤ አንዳንዱ በአሳማ ስብ ነው የሚቦካው። ጿሚም ሙስሊምም ቤታችሁ ይመጣል።

ሌላው፣ የጾም ካልሆነ አንዳንድ ሰው እርጎ አጠገቡ ያቀርባል። ኪዊ ወይም ጥሬ አናናስ ካለበት እርጎውን አትቀላቅሉ፣ ለብቻው ይቅረብ። አንዴ ቀላቅዬ አድሬ ጠዋት ሲቀመስ መረረ፣ ማዳም እርጎው ተበላሽቷል ብላ ልትጥለው ነበር። እርጎው ምንም አልሆነም፤ እነዚህ ፍሬዎች ወተት ነክ ነገርን የሚያፈርስ ነገር ውስጣቸው አለ። የቆርቆሮ አናናስ ግን አያመርም፣ ሲታሸግ ስለሚሞቅ።

የተከተፈ ፍሬ ከፍሪጅ ውጭ ከ2 ሰዓት በላይ አታቆዩ፣ እንደዚህ እንደ ዱባይ ያለ ኃይለኛ ሙቀት ከሆነ 1 ሰዓት። እኔ ትልቅ ሳህን ላይ በረዶ አድርጌ የሳልሳውን ሳህን እላዩ አስቀምጣለሁ። ጥቂት ጥቂት እያወጣሽ ሙዪ እንጂ ሁሉንም አንዴ አትዘርግፊው። ቺፕሱንም ለብቻው። እላዩ ላይ አፍስሰሽ ካቀረብሽው አምስት ደቂቃ አይቆይም።

የጀሞዋ

አንድ ጥያቄ ብቻ፦ እንጆሪውን ማታ ልጠበው ጠዋት?

የአሌክሳንድሪያው

ልትከትፊው ስትይ። ታጥቦ ያደረ እንጆሪ ይሻግታል። ቆባውን ሳታነሺ እጠቢው፣ ቆባው ከተነሳ ውሃ ይገባበታል። ከዚያ በጨርቅ አድርቂው።

የጀሞዋ

ቅዳሜ ማታ ነው፣ ተቀምጬ ነው የምጽፈው፣ እግሬ ተሰብሯል።

ሠራ! የድሬዋ፣ ሊጡ ሁለት ቦታ ሲላቀቅ ባሌን ጠርቼ አሳየሁት። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ተቀደዱብኝ፣ ዘይቱን ሳስቼ ኖሮ። ከሦስተኛው በኋላ እጄ ገባ። ዓርብ ማታ አንዱን ትሪ ጋግሬ አውጥቼ ሁለተኛውን ኦቭን ውስጥ እንደከተትኩ መብራት ሄደ፣ ጉድ ነው መቼም። ያንን አውጥቼ ስኳሩን አራገፍኩና የቀረውን በጋዝ ጠበስኩት። ሁለቱን ጎን ለጎን ቀመስናቸው። እንደኔ የተጠበሰው ይሻላል፣ ባሌ የኦቭኑን ነው የመረጠው። ኮረሪማዋን ሁሉም ሰው ምንድን ናት ብሎ ጠይቋል፣ ለማንም አልተናገርኩም።

ፍሬውን ለየብቻ ከትፌ አጠለልኩት። ስኳር ጠብ አላደረግኩበትም፣ ሁለት ማንኪያ የብርቱካን ማርማላታ ብቻ። ውሃ የለ፣ ምን የለ። ቃሪያና ሚጥሚጣ ያለበትን ትንሽ ሳህን ለብቻ አድርጌ ነበር፣ እሱ ነው ቀድሞ ያለቀው፤ እህቶቼ ሳህኑን ጠረጉት። አማቴ አንድ ቺፕስ ላይ ቆለል አድርገው ቀመሱና «እና ቲማቲሙ የታለ?» አሉኝ።

ማጥለያው ሥር የተጠራቀመውን ጭማቂ ልደፋው ስል ባሌ ነጥቆኝ በአምቦ ውሃ ቀላቅሎ ጠጣው።

አሁን ወደ ስድስት የሚሆን ያልተቆረጠ ሊጥ ተርፎኛል። ፍሪዘር ይገባል?

የድሬዋ

ይገባል። በየመሃሉ ፌስታል አድርጊ፣ አለዚያ ሲቀዘቅዝ ይጣበቅና አንድ ወፍራም ቂጣ ይሆንብሻል። ስታወጪው ፌስታሉ ውስጥ እንዳለ ይቅለጥ፣ አየር ላይ ከተውሽው ጠርዙ ይሰነጠቃል።